የእድር ዳኛውና የሚያላዝነው ውሻ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት፣ ኢህሳን የሚባል ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጬ ነበር። የራሴ ግራ ጎን አልቆ ቀኙ ሲቀር፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አንድ ትልቅ ውሻ በሰንሰለት ይዘው ገቡ። ይዘው አልኩ እንጂ የተያዙትስ እርሳቸው ነበሩ፤ ውሻው ጎትቶ አስገባቸው ማለት ይቀላል።

እንዲህ ያለ ውሻ በሰፈራችን እምብዛም አይታይም። ጀርባው አመድማ፣ ደረቱና እግሮቹ ጥጥ የመሰሉ ነጭ፣ ጅራቱ ወደ ጀርባው የተጠቀለለ ነው። አንድ ዓይኑ ቡናማ ሲሆን ሌላው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ወረፋ ከያዙት ሰዎች አንዱ ያንን ሰማያዊ ዓይን ሲያይ በልቡ አማትቦ ፊቱን አዞረ። ውሻው ግን በቀጥታ ወደዚያው ሰው ሄዶ አገጩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

ሽማግሌው ሁላችንንም በየተራ ሰላም አሉን። የኢህሳንን ቤተሰብ ደኅንነት ጠየቁ፤ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ኢህሳን፣ እስቲ ይህን ሙልጭ አድርገህ ላጭልኝ» አሉ።

ኢህሳን ቶንዶሱን ከጆሮዬ አራቀ። «ማንን አባቴ?»

«ውሻውን ነዋ።»

ከወረፋው አንዱ ጎረምሳ «ፌድ ይሁንለት ወይስ ዜሮ?» አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ነገሩን ከሥሩ ነገሩን።

አቶ ገሜዳ ይባላሉ። ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ግቢ ያላቸው፣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የሰፈራቸው እድር ዳኛ የሆኑ የተከበሩ ሰው ናቸው። ውሻውን ከስምንት ወር በፊት ያመጣላቸው ልጃቸው ዮኤል ነው። ዘሩ ሀስኪ ይባላል። ዮኤል ተኩላ ስለመሰለው ለቤት ጥበቃ ይሆናል ብሎ አመጣና እርሱ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ሄደ። እርሳቸውም ሌባ እንዲፈራው ብለው «አይነኬ» የሚል ስም አወጡለት።

አይነኬ ግን የሚነካውን ሁሉ የሚወድ ሆኖ ተገኘ። አንድ እሑድ ቤተሰቡ ጸሎት ቤት ሄዶ ሳለ ሌባ አጥር ዘልሎ ገብቶ የጋዝ ሲሊንደር አወጣ። ጎረቤት እንደመሰከረው፣ አይነኬ ሌባውን ከዘመድ በበለጠ ተቀብሎ፣ ፊቱን ልሶ፣ እስከ ፌርማታው ድረስ ሸኝቶት ተመለሰ።

«ይህንስ ችዬው ነበር» አሉ አቶ ገሜዳ። «ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ውሻ ይጮኻል፤ ይህ ግን አይጮኽም። ያላዝናል።»

ቀደም ሲል የቀለደው ጎረምሳ እንኳ አንገቱን ደፋ። ውሻ ሲያላዝን ከሰፈር ሰው ይሞታል የሚለውን ተረት ከእናቱ ጡት ጋር ያልጠባ በዚህ ከተማ ማን አለ?

ከአቶ ገሜዳ አጥር ማዶ ወይዘሮ ተናኘ የሚባሉ ሴት ከሰኔ ጀምሮ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ተኝተዋል። አይነኬ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ኡኡ ባለ ቁጥር ሰፈሩ ሞትን እየጠራባቸው ነው ይላል። በመጨረሻ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ወደ ዳኛቸው ቤት መጡና፣ በብዙ ይቅርታና በብዙ አክብሮት፣ ውሻው እስከሚመጣው ቅዳሜ ከሰፈሩ እንዲወጣ ጠየቁ። አቶ ገሜዳም አሸዋ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ለምነው፣ እርሱም በዚያው በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ከሰበታ ወዲያ ወስዶ ሜዳ ላይ ሊለቅላቸው ተስማማ። ዛሬ ፀጉር ቤት የመጡት የመጨረሻ መድኃኒት ለመሞከር ነው፤ የበረዶ አገር ውሻ ስለሆነ የሚያላዝነው ሙቀት በዝቶበት ይሆናል ያላቸው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አንገቴ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እንደለበስኩ ብድግ አልኩና፣ በመምህርነት ልማዴ፣ ያለኝን ሁሉ አወረድኩባቸው። በሞባይል ከዓለም ጋር እያወሩ በውሻ ድምፅ ሞትን የሚተነብዩ ሰዎች እንዴት አያፍሩም አልኩ። ለጥበቃ የማይሆነውን እንስሳ መልኩ አማረኝ ብሎ የሚገዛውን የዘመኑን ጎረምሳም፣ የገዛውን ሜዳ ላይ የሚጥለውን ሽማግሌም በአንድ ላይ ረገምኩ።

አቶ ገሜዳ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀና ብለው ራሴን ተመለከቱና «ጌታዬ፣ ውሻዬን ከመላጨት ሳያድኑት በፊት እርስዎ መጀመሪያ ተላጭተው ይጨርሱ» አሉ። ግማሽ ጠጉሬን በመስታወቱ አየሁት። ሰው ሁሉ ሲስቅ ከመቀመጥ በቀር ምን አደርጋለሁ?

በዚህ መካከል አንዲት ልጅ እያለከለከች ገባች። ሜቲ ትባላለች፤ የአቶ ገሜዳ የልጅ ልጅ ናት፤ አብራቸው እየኖረች የእንስሳት ሕክምና ትማራለች፤ አምስተኛ ዓመቷ ነው። ውሻው ሲያያት እንደ ሕፃን ጮኸ። እርሷ ግን እንደኔ አልጮኸችም፤ የአያቷን እጅ ይዛ ጎናቸው በርከክ አለች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያደጉት ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው አይደል?»

«አዎ፤ ጊንጪ። ምነው?»

«ቀን ፀሐይ ሲከር ውስጡ እንዴት ነበር?»

«ቀዝቃዛ ነው። ከዚህ ከቆርቆሮው ቤት ጋር ምን አገናኘው!»

«ሌሊትስ?»

«ይሞቃል።»

«የአይነኬ ፀጉርም እንደዚያው ነው። ሁለት ድርብ ክዳን አለው፤ ላዩ ሻካራ፣ ውስጡ ጥጥ። ብርዱን የሚመልስለት እሱ ነው፤ ፀሐዩንም የሚመልስለት እሱ ነው። ከላጩት ጣራውን አፈረሱበት ማለት ነው። ቆዳው በፀሐይ ይቃጠላል፤ ፀጉሩም አንዳንዴ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይመለስም። የሚያስፈልገው ማበጠሪያ፣ ጥላና ብዙ ውሃ ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ደጋ ነው፤ እኩለ ቀን ካላስሮጡት በስተቀር ሙቀቱ አይገድለውም።»

አቶ ገሜዳ በእጃቸው የውሻውን ፀጉር ገለጥ አድርገው፣ ጣታቸውን እስከ ውስጠኛው ጥጥ ድረስ ሰደዱ። ሣር ክዳን የከደነ ሰው ክዳን ያውቃል። «እውነትሽን ነው፤ ድርብ ነው» አሉና ኢህሳንን ስላስቸገሩት ይቅርታ ጠይቀው ተነሡ። እኔ በንዴት አሥር ደቂቃ ለፍልፌ ያላንቀሳቀስኳቸውን ሽማግሌ፣ ልጅቱ በሦስት ጥያቄ አስነሣቻቸው። ነገሩ ቢያናድደኝም ተማርኩበት።

ራሴን አስጨርሼ ተከተልኳቸው፤ ክርክሩን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። ግቢያቸውን ጠያይቄ ስደርስ አቶ ገሜዳ እንግዳ እንደሆንኩ ቆጥረው ወንበር አወጡልኝ። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ከኩሽናው ጀርባ ካለው የብረት ችካል ላይ ነው። ሁለት ሜትር የማይሞላ ሰንሰለት አለ። ውሻው ችካሉን እየዞረ ሲራመድ መሬቱን እንደ አውድማ ክብ አድርጎ ረግጦታል። አጠገቡ በሳህን የትናንት ወጥ ከእንጀራ ጋር ተደርጓል። ሜቲ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስለምትሄድና ማታ ስለምትመለስ፣ ውሻው ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ሚጥሚጣም ይጨመርበታል አሉኝ ሽማግሌው በኩራት፤ ክፉ እንዲሆን።

«ክፉስ ሆነ?» አልኳቸው።

«ሌባውን ሸኘ አላልኩህም?»

እንደገና ልነሣ ስል ሜቲ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። አያቷን በጥሞና ነገረቻቸው። የሀስኪ ዘር መነሻው የሳይቤሪያ ሰሜን ነው፤ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ እየጎተተ ሰው የሚያመላልስ፣ ከብዙ ባልንጀሮቹ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር ውሻ ነው። ሰውን ስለለመደ ለዘበኝነት አይሆንም፤ ሚጥሚጣውም ሆዱን ከማቃጠል በቀር ጠባዩን አይለውጠውም። ከሚጥሚጣው ይልቅ ደግሞ ሽንኩርቱ ይብሳል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። እንዲህ ያለው ለመሮጥ የተፈጠረ፣ ብቸኝነት የማይችል እንስሳ ሁለት ሜትር ላይ ሲታሰር የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ባልንጀሮቹን ይጣራል። አጠራሩ ደግሞ ማላዘን ነው። እንደሌላው ውሻ መጮህ እምብዛም አያውቅም።

አቶ ገሜዳ በጥሞና ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ የተማርሽውን ተናገርሽ። እኔም ያየሁትን ልናገር። ወንድሜ ያረፈ ጊዜ የጎረቤት ውሻ ሦስት ቀን አላዝኖ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ትምህርት ቤት አልሄድኩም ብዬ ልካደው?»

«አይካዱ አባባ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አይነኬ ስንት ቀን አላዘነ?»

«በየቀኑ ነው እንጂ! ስምንት ወር ሙሉ።»

«እርስዎ የእድሩ ዳኛ ነዎት። በእነዚህ ስምንት ወራት ከእድርተኛው ስንት ሰው ቀበራችሁ?»

ሽማግሌው ወደ ሰማይ ቀና ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጣታቸው ግን አልታጠፈም።

«ማንንም» አሉ ቀስ ብለው። «ድንኳኑ ከተጠቀለለ ቆየ።»

«ውሻው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመትስ?»

«አራት።»

እኔ በደስታ ጭኔን መታሁ። «እንግዲያውስ ሞትን የሚያባርር ውሻ ነው!»

ሜቲ ሳቀች፤ ግን ድሉን አልተቀበለችልኝም። «አይደለም ጋሼ፤ ያም ያው ጥንቆላ ነው። አይጠራም፣ አያባርርም። ብቻውን የታሰረ ውሻ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። አባባ፣ ነፍስን የሚሰጥም የሚወስድም እግዚአብሔር ነው ብለው ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት። ታዲያ አሁን ሥልጣኑን ለአይነኬ ሰጡት?»

አቶ ገሜዳ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። ከዚያ በልባቸው የነበረውን አወጡት። እርሳቸው ቢያምኑ እንኳ ሰፈሩ አያምንም። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሲጣላ ሲያስታርቁ፣ ሰው ሲሞት ሲያስቀብሩ የኖሩ ዳኛ፣ ለአንድ ውሻ ብለው ከእድርተኛው ጋር ሊቀያየሙ? እኔ ይህ ፈሪነት ነው አልኩ። እርሳቸውም ሳይቆጡ መለሱልኝ፦ «አንተ መምህር፣ የምትለው ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ስትቆጣ ግን ልክነትህን ይዘኸው ትሄዳለህ፤ ለእኛ የሚተርፈን ጩኸቱ ነው።» ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብሎ የገሠጸኝ ርዕሰ መምህር አልነበረም።

ሜቲ አንድ ሳምንት ለመነች። ሰንሰለቱ ይፈታ፤ ወጥ ይቅር፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት በእግሩ ይወሰድ፤ ቀን ሰው ባለበት ይዋል። ችግሩ ጠዋት እርሷ ልምምድ ላይ ናት። የሚያንሸራሽረው ሰው አያቷ ብቻ ሆኑ።

«እኔ?» አሉ አቶ ገሜዳ። «የእድር ዳኛ በአደባባይ ውሻ ሲጎትተው?»

«ሐኪሙ ለስኳርዎ በየቀኑ ይራመዱ ካለ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ስለምንዎት እምቢ አሉኝ፤ እስቲ እሱ ይጎትትዎት።»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻም ተስማሙ፤ ግን እንደ ዳኛ ነገሩን በውል አሰሩት። ከቅዳሜ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ቢያላዝን ውሻው በአይሱዙው ይሄዳል፤ እርሷም ዳግመኛ አትለምናቸውም። ሜቲ ወደ ውሻው አየች፤ እጇን ዘርግታ ቃሏን ሰጠች።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሜቲ ከአሮጌ የቦርሳ ማንገቻ የደረት ማሰሪያ ሰፋች፤ ጎታች ውሻ አንገቱን ታንቆ ሳይሆን በደረቱ ገፍቶ ነው የሚሄደው ብላ። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ገሜዳና አይነኬ ከበሩ ወጡ፤ እኔም ምስክር ልሁን ብዬ አብሬ ወጣሁ። መጀመሪያ ሽማግሌው ሰው እንዳያያቸው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሊሄዱ ፈለጉ፤ አይነኬ ግን ዋናውን አስፋልት መረጠ። የታክሲ ረዳት ከመስኮት ተንጠልጥሎ «ፋዘር፣ መንጃ ፈቃዱ የማን ነው?» አላቸው። አቶ ገሜዳ ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

ማክሰኞ ባርኔጣውን ትንሽ ቀና አደረጉት። ወደ አየር ጤና በሚወስደው ዳገት ላይ እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ስቀመጥ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የቀረቡት ሰው ውሻው እየጎተታቸው ሳይደክማቸው ወጡ። ከላይ ሆነው «መምህር፣ ንግግርህ ቀደመ፤ እግርህ ቀረ» አሉኝ። ረቡዕ ታክሲ ረዳቱን ቀድመው ሰላም አሉት። ሐሙስ ዕለት ለአንድ የሚያውቁት ሰው ስለ ድርብ ፀጉር ሲያስረዱ ደረስኩባቸው፤ ስለ ሣር ክዳኑ የሜቲን ቃል እንዳለ ነበር የወሰዱት።

ምግቡም ተለወጠ፤ ሩዝና ከሥጋ ቤት የሚገኝ ጥሬ ቁርጥራጭ፣ ካሮት፣ እንቁላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚበሳ ተከለከለ። ሜቲ የእብድ ውሻ ክትባቱን አሳደሰችለት፤ በብሩሽ ስታበጥረው የወጣው ፀጉር ትራስ ይሞላ ነበር። ቀን ቀን አቶ ገሜዳ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ሥር ይተኛል። ሰኞ አላላዘነም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ፣ ከዋናው መንገድ የአምቡላንስ ሳይረን ተሰማ። አይነኬ ከእንቅልፉ ተነሣ። አንገቱን ቀና አደረገ። ሜቲ «አይሆንም፣ አይሆንም፣ ዝም በል» ብላ ስታቅፈው፣ ከዚያ ከጥልቅ ደረቱ ረጅም፣ ለስላሳ፣ የማያልቅ የሚመስል ድምፅ ለቀቀ። ሳይረኑ እስኪርቅ ድረስ አላቋረጠም።

አቶ ገሜዳ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ሜቲ አላዩም። ከአጥሩ ውጭ የእግር ኮቴ ሰማን፤ ሰው እየሮጠ ነው፤ አምቡላንሱ ለወይዘሮ ተናኘ የመጣ መስሏቸዋል። እኛም ተነሥተን ሮጥን። ከወይዘሮ ተናኘ በር ስንደርስ አሥራ አራት ያህል ሰው ገብቷል። ሦስት ሴቶች ከመንገድ ላይ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ደርሰዋል።

ወይዘሮ ተናኘ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ብርቱካን ይልጣሉ።

በሩ ላይ የተቆለለውን ሕዝብ፣ ከዚያም የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አዩ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ሁሉም እግሩን ያያል።

«እኔ ነኝ?»

አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣት፤ አፏን ያዘች። አምቡላንሱ ቁልቁል ወደ ሌላ ቦታ አልፎ ሄዷል፤ ለካ ከሰፈሩ ማንንም ሊወስድ አልመጣም። ወይዘሮ ተናኘ ብርቱካኑን ሳህን ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ደካማ ቢሆንም ቃላቸው ጠንካራ ነበር።

«ከተኛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ልጄ ውላ የምትመጣው ከሥራ ነው፤ ቀኑን ከግድግዳው ጋር ነው የማሳልፈው። እድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ሁሉ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን ሳልሞት የጠየቀኝ ስንት ነው? አንዱ በመስከረም፣ አንዱ በገና። ያ ውሻ ሲያላዝን እኔ ምን እንደምል ታውቃላችሁ? እሱም ብቻውን ነው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ እላለሁ። በዚህ ሳምንት ዝም ሲልብኝ ምን አገኘው ብዬ ተጨነቅሁ። ሞትን ይጠራል ትላላችሁ፤ ሞት እንኳ አልመጣም። የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

አቶ ገሜዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ነጠላችሁን አስተካክሉ» አሉ።

ሴቶቹ አስተካከሉ።

«እኔ የዚህ እድር ዳኛ ነኝ። ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። አጥር የሚለየኝን ሴት ሳልጠይቅ ውሻዬ ሞትን ይጠራባታል ብዬ ፈራሁ። ለሟች የሚሮጥ፣ ለታመመ የማይራመድ እድር የድንኳን ማኅበር እንጂ የሰው ማኅበር አይደለም። ከነገ ጀምሮ ለበሽተኛ የሚሄድ ተራ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው።»

ከበሩ አካባቢ አንድ ድምፅ፣ ይሁን እንጂ ውሻው ዛሬም አላዝኗል፣ ነገ ይወጣል የተባለው ቃልስ ምን ይሁን አለ። ሜቲ አንገቷን ቀና አደረገች። ቃሏን አላፈረሰችም፤ አልለመነችም። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ብቻ ስልኳን አውጥታ የአምቡላንስ ሳይረን ፈለገች፤ ድምፁንም ከፍ አደረገችው። ከአጥሩ ማዶ አይነኬ አላዘነ። ዘጋችው፤ ዝም አለ። እንደገና ከፈተችው፤ እንደገና አላዘነ። በሦስተኛው ላይ ወይዘሮ ተናኘ «በቃ ልጄ፤ ድምፁን አታድክሚበት» አሉ። በቤቱ ውስጥ ሰው ተቆጠረ፤ ሦስት ጊዜ አላዝኖ አንድም ሰው አልጎደለም። ሳይረኑን ከሩቅ የሚጣራ ባልንጀራ መስሎት እየመለሰለት እንደሆነ ሜቲ ስታስረዳ፣ ነጠላቸውን ካስተካከሉት አንዷ ሴት «እንግዲያ ጨዋ ነው፤ ሲጠሩት አቤት ይላል» አለች።

አቶ ገሜዳ የልጅ ልጃቸውን እጅ ያዙ። «ከአንቺ ጋር የተዋዋልኩት ማላዘኑ ክፉ ነው ብዬ ነው» አሏት። «ክፋቱ ከሌለ ውሉም የለም።» ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ወጥተው ሹፌሩን ይቅርታ ጠየቁት፤ ቁርስ አብልተው ሸኙት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር አልፏል፤ ያየሁትን ልንገርህ። የአቶ ገሜዳ ስኳር ወርዷል፤ ሐኪማቸው የመድኃኒቱን መጠን ቀንሶላቸዋል። ወይዘሮ ተናኘ ገና አልዳኑም፤ ነገር ግን በየቀኑ ሰው ይጠይቃቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አይነኬ ገብቶ አልጋቸው ሥር ሳይቀመጥ አይሄድም። ከእድርተኛው አምስት ሰዎች የውሻቸውን ሰንሰለት ፈተዋል። ውሻችን ክፉ ነው ሲሉ የነበሩት፣ ክፋቱ የሰንሰለቱ እንደነበረ ተረድተዋል። በሰፈሩ ያሉ ውሾች በሙሉ የእብድ ውሻ ክትባት አገኙ፤ ይህም ልጆቻችንን ከክፉ ሞት ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ እንስሳ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚሻ ለማወቅ አንድ ሳምንት በመስጠታችን ነው። ያልገባንን ፍጥረት ክፉ ነው እያልን ከምንኮንን፣ ምነው አስቀድመን ብንጠይቅ!

ባለፈው ሳምንት ቀዳማዊ የሚባል መልከ ቀና ወጣት በአዲስ መኪና ወደ አቶ ገሜዳ ግቢ መጣ። አይነኬን አይቶ አብዷል፤ የሚገዛበትን ቦታ እንዲያሳዩት ፈለገ። አቶ ገሜዳ ወንበር ሰጡትና መጠየቅ ጀመሩ። የት ነው የምትኖረው? ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ስንት ሰዓት ከቤት ትወጣለህ? ሁለት ሰዓት። ስንት ሰዓት ትመለሳለህ? እንደ ትራፊኩ። ቀን ማን ከእርሱ ጋር ይውላል? ወጣቱ ወደ እኔ አየ። እኔም ንዴቴ እየመጣ ነበር፤ ከአቶ ገሜዳ የተማርኩትን አስታውሼ ምላሴን ነከስኩ።

«ልጄ» አሉት ሽማግሌው በለዘብታ፣ «አንተ የፈለግኸው ውሻ ሳይሆን ፎቶ ነው። ፎቶውን አሁኑኑ አንሣና ሂድ። ውሻውን ግን ከፈለግህ፣ አንድ ወር በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እየመጣህ አብረኸኝ ተራመድ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ከውሻው በፊት እኔ ልሠልጥን ማለትዎ ነው?»

«እሱማ የሚፈልገውን ያውቃል። ያልሠለጠነው እንደኔ ያለው ባለቤት ነው።»

ቀዳማዊ ተቀይሞ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። በአራተኛው ቀን፣ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ባደረበት ጠዋት፣ በንጹሕ ነጭ ጫማ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አቶ ገሜዳ ጫማውን አዩ፤ ጭቃውን አዩ። ማሰሪያውን አቀበሉት፤ የቀረውን ትምህርት አይነኬ ራሱ ጀመረለት።